የእናቴ ሕክምና ስልክ ውስጥ ገባ፣ እሷ ውጭ ቀረች

የደረሰን ደብዳቤ፦

"ሰላም ለናንተ ይሁን። እናቴ ስኳርና ደም ግፊት አለባት። ወደ ሰባ ዓመቷ ነው። የምትከታተልበት ክሊኒክ በቅርቡ ቀጠሮውንም፣ የላብራቶሪ ውጤቱንም፣ መድኃኒት ማሳደሱንም ወደ አፕ ወሰደው። እሷ ያላት ባለ ቁልፍ ስልክ ነው። ስሟን ትጽፋለች፣ ቁጥር አሳምራ ትለያለች፤ ረዘም ያለ ጽሑፍ ግን አታነብም። እኔ ርቄ ነው የምኖረው። ስለዚህ አፑን በራሴ ስልክ ላይ ጭኜ፣ በሷ ስም ገብቼ፣ ሁሉን ነገር እኔ ስከታተል ነበር። በቅርቡ ሥራ ተደራርቦብኝ አንድ መልእክት ሳላየው ቀረሁ። ለካ ቀጠሮዋ ተቀይሮ ኖሯል። በድሮው ቀን ስትሄድ 'አፑ ላይ ተነግሮዎታል' ብለው መለሷት። ከዚያ ወዲህ 'ከእንግዲህ አልሄድም፣ ዘመኑ የናንተ ነው' ትላለች። ወንድሜ ደግሞ ስኳርን ከሥሩ ይነቅላሉ የሚባሉ ቪዲዮዎችን እያሳያት ነው። ስማርት ስልክ ልግዛላትና ላስተምራት? ወይስ በዚህ ዕድሜዋ ባላስቸግራት ይሻላል? ላስረዳት ስሞክር ቶሎ እናደዳለሁ፤ እሷም ዝም ትላለች።"

መልስ፦

እህቴ፣ ስለ ስልኩ ግዢ ከማውራታችን በፊት እናትሽ የተመለሱበትን ቀን እናንሳ። አንድ ክሊኒክ ታካሚው ሊያየው በማይችለው ቦታ መልእክት አስቀምጦ "ነግረናል" ካለ፣ አልነገረም። ነገሩ ይኸው ነው። አንቺ መልእክቱን ብታዪው ኖሮ ጥሩ ነበር። ግን ርቃ የምትኖር፣ ሥራ የሚበዛባት ልጅ አንዴ ስትዘናጋ የሚፈርስ አሠራር ከመነሻውም አልቆመም። ጥፋቱን ወደ ራስሽም ወደ እሳቸውም አታዙሪው።

ይህን የምልሽ ላጽናናሽ ብቻ ብዬ አይደለም። አሁን ሐሳብሽ ሁሉ እናትሽን መለወጥ ላይ ነው፦ መግዛት፣ ማስተማር፣ ማስለመድ። እሱም ይደርሳል። መጀመሪያ መስተካከል ያለበት ግን ክሊኒኩ ነው።

በዌልስ በአንዲት የከሰል ማዕድን መንደር ይሠሩ የነበሩ ጁልያን ቱዶር ሃርት የሚባሉ ሐኪም፣ በ1971 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የጻፉት ነገር እስካሁን ይጠቀሳል። ሕክምና ይበልጥ የሚያስፈልገው ሰው ጥሩ ሕክምና የማግኘት ዕድሉ ያነሰ ነው አሉ። ያኔ አፕ የሚባል ነገር የለም። አሁን ያው ጣጣ በስልክ በኩል ዞሮ መጣ። ለክትትል ከሚመላለሱት ውስጥ ብዙዎቹ በዕድሜ የገፉ፣ ገቢያቸው አነስተኛ፣ ትምህርትም ያልቀናቸው ሰዎች ናቸው። ስማርት ስልክም፣ ዳታም፣ የማንበብ ልምድም የሚያጥራቸው እነዚሁ ናቸው። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ለ2024 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት 2.6 ቢሊዮን ሰው፣ ከዓለም ሕዝብ አንድ ሦስተኛው ገደማ፣ ኢንተርኔት አይጠቀምም ነበር። ይህን ለእናትሽ ንገሪያቸው። "ዘመኑ የናንተ ነው" የሚል ሰው ብዙ ጊዜ ብቻውን ወደ ኋላ የቀረ ይመስለዋል።

ስለዚህ ወደ ክሊኒኩ ደውዪ፤ ከተቻለሽ አብረሻቸው ሂጂ። ካርድ ክፍል ያለችውን ልጅ አትቆጪ፣ አፑን የሠራችው እሷ አይደለችም። ረጋ ብለሽ "እናቴ ስማርት ስልክ የላትም፣ ረጅም ጽሑፍም አታነብም፤ ቀጠሮ ሲቀየር በዚህ ቁጥር ይደወልላት" በያት። ቃል ተቀብለሽ ብቻ አትመለሺ። ካርዳቸው ላይ ይጻፍ። ዛሬ የሰማችሽ ነርስ በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ ክፍል ተመድባ ታገኛታለሽ።

እዚያው እያለሽ የተመዘገበው ስልክ ቁጥር ትክክል መሆኑን አረጋግጪ። "ልከንላችሁ ነበር" የሚባለው መልእክት የሚጠፋው አንዳንዴ በማይረባ ምክንያት ነው፦ ቁጥሩ ተቀይሯል፣ የተመዘገበው የሌላ ሰው ስልክ ነው፣ አንድ አኃዝ ተዛብቷል። የሚቀጥለውንም ቀጠሮ በወረቀት ይስጧቸው፣ ቀኑና ሰዓቱ በትልልቅ ቁጥር ይጻፍ። ቁጥር አሳምረው ይለያሉ ብለሽ የለ?

"አሠራራችን በአፕ ብቻ ነው" ካሉሽ ወደ ኃላፊው እለፊ። ቴክኖሎጂው አይፈቅድም የሚለው ሰበብ አያዋጣም። ደቡብ አፍሪካ በ2014 እ.ኤ.አ. ለነፍሰ ጡሮችና ለእናቶች ሞምኮኔክት የተባለ አገር አቀፍ አገልግሎት ስትጀምር፣ ምዝገባው በማንኛውም ተራ ስልክ ላይ አጭር ኮድ በመምታት ነበር። ምክሩ የሚላከው በኤስኤምኤስ ነበር፣ ዳታ አይጠይቅም ነበር፣ እናቶቹም አይከፍሉበትም ነበር። አንድ አገር ይህን ያህል ሥራ በባለ ቁልፍ ስልክ ከሠራ፣ አንድ ክሊኒክ ደውሎ "ቀጠሮዎ ወደ ሐሙስ ተዛውሯል" ማለት አያቅተውም።

አሁን አንቺን ትንሽ ቅር ሊያሰኝሽ የሚችል ነገር ልበል።

በእናትሽ ስም ገብተሽ መከታተልሽ ከፍቅር ነው፤ ግን በዚሁ መቀጠል የለበትም። ብዙ የሕክምና አፖች ለልጅ ወይም ለአስታማሚ የሚሆን የተለየ መግቢያ አላቸው። ታካሚው ይፈቅዳል፣ አንቺ በራስሽ ስም ትገቢያለሽ። ልዩነቱ ቀላል እንዳይመስልሽ። በእናትሽ የይለፍ ቃል ገብተሽ "ራስ ምታቱ ቀንሷል" ብለሽ ስትጽፊ፣ ሐኪሙ የሚያነበው እሳቸው ራሳቸው እንዳሉት አድርጎ ነው። ልጅ በሩቅ ሆና የገመተችው መሆኑን አያውቅም። በዚያ ላይ አንዲት እናት ለሐኪም የምትነግረው፣ ልጇ እንድታየው የማትፈልገው ነገር ሊኖራት ይችላል። ጠየቅሻቸው? እኛ ትልልቅ ልጆች ወላጆቻችንን ስንረዳ ፈቃድ የሚባል ነገር ትዝ አይለንም። የተለየ መግቢያ ከሌለው ደግሞ ቢያንስ መልእክት ስትጽፊ "የምጽፈው ልጃቸው ነኝ" ብለሽ ጀምሪ።

ከዚህ የሚብሰው ግን ሌላ ነው። ሁሉን ነገር አንቺ ስትይዢው፣ እናትሽ ስለራሳቸው ሕመም የሚያውቁት እየቀነሰ ይሄዳል። የመጨረሻው የስኳር ውጤታቸው ስንት እንደነበር ያውቃሉ? ወይስ "ደህና ነው እማዬ" ብለሽ አልፈሽዋል? እንደዚያ ከሆነ አፑ አንቺን ብልህ፣ እሳቸውን እንግዳ አድርጓል። አንቺ ስልክሽን የማታነሺበት ቀን ይኖራል። ያን ቀን ድንገተኛ ክፍል ቢገቡ "ምን መድኃኒት ይወስዳሉ?" ተብለው የሚጠየቁት እሳቸው ናቸው።

ስለዚህ ደብተር ይኑራቸው። ቀን፣ ስኳር፣ የደም ግፊቱ የላይኛውና የታችኛው ቁጥር። በቃ። ከፊደል ይልቅ ቁጥር የሚሞላበት ደብተር ነው፤ እናትሽ ይችሉታል። ውጤት አፑ ላይ ሲመጣ ደውለሽ ቁጥሩን ንገሪያቸውና ራሳቸው ይጻፉት። የመድኃኒቶቹን ካርቶን ፎቶ አንስተሽ አሳትሚና ከደብተሩ ጀርባ ለጥፊላቸው፤ ስሙን ማንበብ ባይችሉ አውጥተው ያሳያሉ። ግፊት ሲለኩ አምስት ደቂቃ አረፍ ብለው፣ ጀርባቸውን ደገፍ አድርገው፣ እግራቸውን ሳያነባብሩ፣ ክንዳቸው በልብ ትክክል ሆኖ፣ ሳያወሩ ይሁን። አለበለዚያ ደብተሩ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር ይዋሻል።

ቁጥር ካነሳን አይቀር፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበትን አንድ ነገር ላሳይሽ። ስኳር በሁለት ዓይነት መስፈሪያ ይለካል። አንዱ ሚሊግራም በዴሲሊትር ነው፣ ሌላው ሚሊሞል በሊትር። የመጀመሪያው ቁጥር ከሁለተኛው 18 እጥፍ ገደማ ይሆናል። 126 እና 7 ያው አንድ ዓይነት ስኳር ናቸው። ቤት ያለው መለኪያ በአንዱ፣ አፑ በሌላው የሚያሳይ ከሆነ እናትሽ "7 ብቻ? ዳንኩ!" ሊሉ ይችላሉ። ይባስ ብሎ ሌላ 7 አለ። ኤ-ዋን-ሲ የሚባለው ምርመራ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት የስኳር መጠን በአማካይ የሚያሳይ ሲሆን የሚነገረው በመቶኛ ነው። እዚያ ላይ 7 ሲባል፣ መለኪያው ላይ ካለው 7 ጋር ምንም አያገናኘውም። አፑን የሠሩት ሰዎች ይህን አጠገቡ በአንድ መስመር ቢያብራሩ ምን ነበረበት? ብዙዎቹ አያብራሩም። ስለዚህ አንቺ የሐኪሙን ግብ ጠይቂና ደብተሩ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በአንድ መስፈሪያ ብቻ አጽፊላቸው።

ቀይ ቀለምም ያስደነግጣል። አፑ ውጤቱን ከመደበኛው ክልል ትንሽ ወጣ ሲል በቀይ ወይም በቀስት ያሳያል። አብዛኛውን ጊዜ ያ ክልል የተወሰደው ከጤነኛ ሰዎች መካከል ከመቶ 95ቱን እንዲያቅፍ ተደርጎ ነው። ስለዚህ ጤነኛ ሆኖም ከክልሉ የሚወጣ አለ። ውጤቱ ሐኪሙ ሳያየው ቀድሞ አንቺ ጋ ሊደርስ እንደሚችልም አትርሺ። በሌሊት ቀይ ቁጥር አይተሽ እናትሽን ከእንቅልፍ አትቀስቅሺያቸው። የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት፣ የሰውነት አንድ ጎን መዛል፣ የንግግር መንተባተብ ወይም ግራ መጋባት ሲመጣ ግን አፕ ላይ አይጻፍም፣ መልስም አይጠበቅም፤ ወዲያው ወደ ሐኪም ቤት ነው።

ወደ ወንድምሽ ልምጣ። ከእናትሽና ከወንድምሽ ማን ይበልጥ ያሳስብሃል ብትዪኝ፣ ወንድምሽ ነው የምልሽ። ካሜሮን ኖርማንና ሃርቪ ስኪነር የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. አንድ ሰው በኢንተርኔት በሚያገኘው የጤና መረጃ ለመጠቀም ምን ምን ያስፈልገዋል ብለው ስድስት ዓይነት ችሎታ ለይተው ነበር። ኮምፒዩተር መጠቀም ማወቅ ከስድስቱ አንዱ ብቻ ነው። ማንበብና ማስላት አለ፣ መረጃ ፈልጎ ማግኘት አለ፣ ስለ ጤና ማወቅ አለ፣ ሳይንስ እንዴት እንደሚሠራ መረዳት አለ። ከዚያ ደግሞ የሚነገርን ነገር ማን፣ ለምን እንዳለው መመርመር አለ። ወንድምሽ ስልኩን አሳምሮ ያውቃል። የጎደለው ይህ የመጨረሻው ነው። እናትሽ ስልኩን አያውቁም፤ ግን ዕድሜ ልካቸውን ሻጭ ሲያወራ ሰምተዋል፣ ነጋዴ ሲምል አይተዋል። ቪዲዮውን አብራችኋቸው እዩና "ይሄ ሰውዬ ምን እየሸጠ ነው?" ብለሽ እሳቸውን ጠይቂያቸው። መልሳቸው ሊያስገርምሽ ይችላል።

ወንድምሽን ለብቻው አነጋግሪው፣ እናትሽ ፊት አታዋርጂው። ክርክሩ "ይሠራል አይሠራም" ላይ ከተተከለ አትጨርሱትም። አንድ ነገር ላይ ብቻ ተስማሙ፦ መድኃኒት አቁሚ የሚል ማንኛውም ቪዲዮ እናታችን ዘንድ አይደርስም። ከመድኃኒታቸው ጋር ደርበው የሚወስዱት ቅጠልም ሆነ ዱቄት ካለ ለሐኪሙ ይነገር። "ተፈጥሯዊ ነው" ስለተባለ ብቻ ጉዳት የለውም ማለት አይደለም፤ አንዳንዱ ራሱ ስኳር ያወርዳል፣ ከመድኃኒቱ ጋር ሲደመር ከልክ በላይ ያወርደዋል። ከ70 ሚሊግራም በዴሲሊትር በታች ሲወርድ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ግራ መጋባት ሊመጣ ይችላል። ወንድምሽ ይህን ካወቀ የሚከራከርሽ አይመስለኝም። እሱም እኮ እናቱ እንዲድኑለት ነው የሚፈልገው። እንዲያውም ቅርብ የሚኖረው እሱ ከሆነ ደብተሩን በየሳምንቱ የማየቱን ሥራ ስጪው።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ስልክ ልግዛላት ወይ? ደብዳቤሽ ውስጥ እናትሽ ራሳቸው ምን እንደሚፈልጉ የሚናገር ነገር አጣሁ። ጠይቂያቸው። አልፈልግም ካሉ፣ ካርዱ ላይ የተጻፈው ማስታወሻ፣ ደብተሩና ያንቺ የራስሽ መግቢያ ይበቃሉ። ስማርት ስልክ ሳይኖረው ስኳሩን በሚገባ የሚቆጣጠር ሰው ሞልቷል።

ከፈለጉ ግዢላቸው፤ ግን በክሊኒኩ አፕ አትጀምሪ። የይለፍ ቃል፣ የማረጋገጫ ኮድ፣ "እስማማለሁ" የሚል ማለቂያ የሌለው ጽሑፍ… ለጀማሪ ይህን የመሰለ ክፉ አስተማሪ የለም። በድምፅ መልእክት ጀምሪ። ይጫናሉ፣ ይናገራሉ፣ ይለቃሉ፤ ያንቺን ድምፅ መልሰው ይሰማሉ። ፊደል የሚባል ነገር አይገባበትም። እሱን ሲለምዱ የስኳር መለኪያውን ፎቶ አንስቶ መላክ ይከተላል። አፑ ከወራት በኋላ ይመጣ ይሆናል። ባይመጣም ምንም አይደለም።

ከመስጠትሽ በፊት ስልኩን ራስሽ አዘጋጂው። ፊደሉን አተልቂው፣ ከፊት ገጹ ላይ ሦስት አራት ምልክት ብቻ ተዪ። አንድሮይድ ስልክ ከሆነ ደግሞ የተደራሽነት ማስተካከያው ውስጥ ግቢ። ጣት ስክሪኑ ላይ ምን ያህል ሲቆይ እንደ ረጅም ንክኪ እንደሚቆጠር የሚወስን ቦታ አለ። በዕድሜ የገፋ ሰው ሲነካ ጫን አድርጎ ይቆያል፤ ስልኩ ሌላ ነገር የታዘዘ ይመስለውና ያልተጠየቀ ዝርዝር ይከፍታል። እናትሽ "አበላሸሁት" ብለው ይደነግጡና ሁለተኛ አይነኩትም። ጊዜውን አርዝሚው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፣ ግን ስንቱን ከስልክ ያጣላች ትንሽ ነገር ናት።

ስታስተምሪ ስልኩ ከእሳቸው እጅ አይውጣ። "ቆይ ላሳይሽ" ብለሽ ትቀበያለሽ፣ ጣትሽ ይሮጣል፣ እሳቸው ምንም አላዩም። ከዚያ "ገባሽ?" ትያለሽ፣ "አዎ" ይሉሻል። እኔም ብሆን አዎ ነው የምለው። ጎበዝ ነርሶች "ገባዎት?" ብለው አይጠይቁም፤ ታካሚው የሰማውን በራሱ አንደበት መልሶ እንዲነግራቸው ያደርጋሉ። አንቺም "እማዬ፣ እኔ በደንብ ማስረዳቴን ልይ፤ እስኪ ሰኞ ጠዋት እንዴት አድርገሽ እንደምትልኪልኝ አሳዪኝ" በያቸው። ካልሆነላቸው የወደቀው የአንቺ ማብራሪያ ነው፣ በሌላ መንገድ ትሞክሪያለሽ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ። ንዴቱ ሲመጣ ስልኩን አስቀምጡትና ስለ ሌላ ነገር ተጨዋወቱ፤ የዚያን ቀን ትምህርት አልቋል።

በስልክ ላይ የሚመጣ የማረጋገጫ ኮድ ለማንም አይነገርም። ይህን ሳታሰልቺ ደጋግመሽ ንገሪያቸው። ደዋዩ "ከክሊኒኩ ነው" ቢልም፣ ስማቸውን ቢጠራም አይነገርም። ተጠራጥረው ቢዘጉበት ማንም አይቀየማቸውም፤ መልሰው ካርዱ ላይ ባለው ቁጥር መደወል ይችላሉ።

አዲሱ ስልክ ሲገባ የድሮውን ወዲያው አትውሰጂባቸው። ክሊኒኩ የመዘገበው ቁጥር ያለበት ሲም ካርድ፣ አዲሱን ተለማምደው ጥሪ ማንሳት እስኪቀናቸው ድረስ፣ ባለ ቁልፉ ስልክ ውስጥ ይቆይ።